የትራክተሩ ቅርጫ

ጎጀብ (ቦንጋ)፣ ሰኔ 1999 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሣህሌ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ከሁሉ አስቀድሜ የእትዬ በዛወርቅን ወሬ ልንገርዎ፤ ካልነገርኩ ወረቀቱን ይቀሙኛል። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ነው። የዓይናቸውን ሞራ ጅማ ተገፈፉ። ጨርቁ የተነሣላቸው ዕለት መጀመሪያ ያዩት የበኩር ልጃቸውን ግዛቸውን ነበር፤ «አንተ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» ብለው ሐኪሙን ሳይቀር አሳቁት። ምራታቸው መንታ ወልዳለች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከእናትየው ቀድመው የሚለዩት አሁን እሳቸው ናቸው። ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ማሲው ተነሣ፣ ጋሽ ሣህሌ። ያ እርስዎ ማኅበሩ እስኪፈርስ ድረስ የነዱት ቀይ ትራክተር፣ ሞተሩ ተነሣ።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ እንዳይቀድዱት ብዬ ፈርቻለሁ። ያን ቀን እንደማይረሱት አውቃለሁና። ማኅበሩ ፈረሰ ተባለ፣ የጋራው ንብረት ለአባላቱ እኩል ይድረስ ተባለ። እህሉን በቁና ተካፈልን፤ ከብቱንም ተካፈልን። ትራክተር እንዴት እንደሚካፈሉት ግን ማን ነግሮን? ወንዶቹ የሚያውቁትን አደረጉ። እንደ ፋሲካ በሬ ፈታተው የእንሰት ቅጠል አነጠፉና መደብ መደብ አድርገው ደረደሩት። ጎማ ለብቻ፣ ፓምፕ ለብቻ፣ ኮፈን ለብቻ። ሁሉም ለእጣው ምልክት አዋጣ፤ ከፈለኝ የበቆሎ ፍሬ ጣለ፣ እርስዎ ከካኪ ኮትዎ ላይ ቁልፍ በጠሱ። እትዬ በዛወርቅ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ምልክቱን በየመደቡ ላይ ጣሉ፤ መሪው ለእርስዎ ደረሰ።

ሰዉ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። «ትራክተሬን አርዳችሁ ስታበቁ በመሪው ትቀልዱብኛላችሁ? ሁለተኛ ይህን መሬት አልረግጥም» አሉ። በማግስቱ መሪውን በትከሻዎ አንጠልጥለው ዝዋይ ወደ ልጅዎ ወደ ዮሀና ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት እዚህ ጎጀብ ሜዳ ላይ የገንዲ በሽታ ገባና በሬዎቻችንን ፈጀብን። ጥንድ ያለው ቤት ጠፋ። በዶማ የቆፈርነው ለልጆች ጥሬ እንኳን አልሆነም። ያኔ ነው ባሌ ፍቃዱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሣር የዋጠውን የማሲውን አጽም እየዞረ ማየት የጀመረው። አንድ ቀን እራት ላይ «አልጣሽ፣ ልብሱን ገፈፍነው እንጂ ልቡኮ አልሞተም» አለኝ። እኔ ስለ ሰው የሚያወራ መስሎኝ ደንግጬ «ማን?» አልኩት።

መጀመሪያ ጅማ ሄዶ የናፍጣ ፓምፕ አመጣ። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሲያስሩት ናፍጣውን በየጎኑ ይተፋል፣ ሞተሩም እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ያስልና ዝም ይላል። ነጋዴው «የዚህኮ ኦርጂናሉ ዛሬ በዓለም ላይ የለም» ብሎት ነበር። ፍቃዱ ፓምፑን ፈቶ እየጠቀለለ «ሰው በሰው ጥርስ አይስቅም። ኦርጂናሉ በዓለም ላይ ባይኖርም በየቤታችን አለ» አለ። እውነቱን ነው። እኛው ነን የበተንነው።

ከዚያማ ልመና ገባን። ጎማ የደረሳቸው ሳያስቸግሩ መለሱ። ገብረሚካኤል የትራክተሩን የብረት መቀመጫ ግንድ ላይ መትቶ በሩ ላይ ተቀምጦበት አረጀ። «ይሄን ወስዳችሁብኝ ቆሜ ልሙት?» አለን። ፍቃዱ ባለ ሦስት እግር ዱካ አስጠርቦ ወሰደለት። ቁጭ ብሎ ሞከረው። «ሰው እንዲህ ያለ ነገር እያለ ብረት ላይ ይቀመጣል? አንተ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ?» ብሎ እሱ ራሱ ፍቃዱን ተቆጣው።

ዋናው ፓምፕ ለከዲጃ ባለቤት ደርሶ ስለነበር እሷ ቤት ተገኘ። ባለቤቷ ከማረፉ በፊት «ይሄ የትራክተሩ ልብ ነው፣ እንዳይደርቅ» ብሏት ነበር አሉ። እሷም በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ ቤቷን ስታጸዳ አውጥታ ዘይት ትቀባና በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ትመልሰዋለች። ፍቃዱ ሲፈታው የፋብሪካው ጽሑፍ ሆዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ደጋግሞ ያሸው ጀመር። ከዲጃ «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች። እኔ ነኝ «ኧረ አልተበላሸም፣ እንዲያው ደስ ብሎት ነው» ያልኳት።

ያስቸገረን ከፈለኝ ነው። እሱ ሚስት አግብቶ ቢታ ገነት ከገባ ቆየ። ኮፈኑን ለካ ጫካ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ለንብ ቀፎው የዝናብ ጣሪያ አድርጎታል! ፍቃዱ እዚያ ድረስ ሄዶ ቢለምነው «ንብ ከለመደችው ጣሪያ በእሳት ጊዜ እንኳን አትፈናቀልም። ማሩ ሳይቆረጥ አላወርድም» አለው። እናውቃለን፣ ልክ ነው፤ ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይጋፋም። ግንቦትን ጠበቅን። ማሩ ተቆርጦ፣ ለቀፎው ሌላ ጣሪያ ተሠርቶለት፣ ኮፈኑ በጭነት መኪና መጣ። ከውስጥ ሰም ጠጥቶ ኖሮ ዝገት የሚባል አልነካውም። እስከ ዛሬ ሞተሩ ሲግል ማር ማር ይሸታል።

ሞተሩ የተነሣ ቀን ማን ያልመጣ አለ! መንደሩ እልል አለ። እትዬ በዛወርቅ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ንዝረቱን ሲሰሙ ቆዩ። ግን ጋሽ ሣህሌ፣ ማሲው ባለበት ቆሞ ይንቀጠቀጣል እንጂ ወዴት ይሂድ? መሪ የለውም። ፍቃዱ ከጅማ አንድ መሪ አምጥቶ ነበር፤ ይገጥማልም። ከፈለኝ ግን ገና ሲያየው ተነሥቶ «እኔ ኮፈኔን ከንብ ነጥቄ ስመጣ ሣህሌ መሪውን ታቅፎ ዝዋይ ሊሞቅ ነው? ይሄ ቅርጫ አይደለም» አለ። ገብረሚካኤልም ከዱካው ሳይነሣ «መቀመጫውን እኔ አሙቄለታለሁ፣ ይምጣና ይቀመጥ» አለ።

የመጀመሪያውን ትልም ማን ያውጣ በሚለውም እንደገና እጣ ተጣለ። እትዬ በዛወርቅ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የእርስዎን ቁልፍ አወጡ። ያን ጊዜ ጥለዋት የሄዷትን ቁልፍ እስከ ዛሬ ቋጥረው ኖረዋል። ከፈለኝ «አሁን ዓይንዎ በርቷል፣ ያጭበረብሩናል» ቢላቸው ነጠላውን ሁለት እጥፍ አድርገው ሸፈኑ። የመጀመሪያው እጣ ለቁልፏ ወጣ። የእኛን ደንብ ያውቁታል፤ ባለ መጀመሪያው እጣ ሳያነሣ ሌላው አያነሣም። መሬቱ እንዳለ ነው፣ ሰዉም እየጠበቀ ነው። ዝናቡ ግን አይጠብቅም።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«የሸፈንኩት ዓይኔን ነው። እጄን መች ሸፈንኩ? ቁልፍና የበቆሎ ፍሬ ለጣት ይጠፋል?» አሉኝ።

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም እጄ ያው እጄ ነበር። ጎማውን ብሰጠው ለጫማ ቆርጦ ይጨርሰዋል። መሪውን ለሌላ ብሰጥ ሌላ ይነዳዋል። መሪው እሱ ዘንድ ካለ ትራክተሩ የሱ እንደሆነ ይቀራል፣ አንድ ቀንም ይመለሳል ብዬ ነው። ይሄን ያህል ይኮርፋል ብዬ መች አሰብኩ?»

አሁን ይህን ስጽፍ «ጻፊው፣ ጻፊው፣ አንድም ቃል እንዳትቀንሺ» ይሉኛል። እንግዲህ ጻፍኩ። ማንም አልቀለደብዎትም፣ ጋሽ ሣህሌ። ሰዉ የሳቀው ስላልገባው ነው። የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አፋቸውን ዘግተው ኖሩ።

ልጄ ማርቲ ባለፈው ለሠርግ ዝዋይ ስትመጣ ቤትዎ ገብታ ነበር አይደል? መሪው ግድግዳው ላይ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ፣ አቧራ እንኳን እንደሌለበት ነግራኛለች። ካኪ ኮትዎንም እንደሚለብሱት፣ ቁልፏ በጎደለችበት ቦታ መርፌ ቁልፍ እንደሚያደርጉበት ነግራኛለች።

መሪውን በአውቶቡስ ረዳት እንዳይልኩት፣ አደራ። ራስዎ ይዘውት ይምጡ። ፍቃዱ ጎጀብ ድልድይ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ኮቱንም ለብሰውት ይምጡ፤ ቁልፏን እትዬ ሰጥተውኛል፣ መርፌና ክር አዘጋጅቻለሁ።

አክባሪዎ፣
አልጣሽ