«አልተሸከማችሁም» ስለተባልነው ሬሳ፣ ለክቡር አስጎብኚያችን

ሐይቅ፣ ጥር ወር

ለተከበሩ የወዳጅ እንግዶች አስጎብኚ
ባሉበት

(ስምዎን በአድራሻው ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ይደርሱበታል።)

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ሳይሆን በእርግጥ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሐይቁ ባለበት አለ፣ በአምባሰል በኩልም ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል።

እኔ ዘይኑልአቢዲን ነኝ፤ ባለፈው ኅዳር ለልምድ ልውውጥ ወደ ሀገርዎ መጥተን ዘጠኝ ቀን ካስጎበኙን አሥራ ሁለት የሐይቅና የአምባሰል ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች መካከል፣ በአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠው ረጅሙ ሰውዬ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ያወጣሁት ቀደም ሲል በፖስታ የላክሁልዎ የሦስት ደብዳቤዎች ጥያቄ መንገድ ላይ ደክሞት ስለቀረ ይመስለኛል። በአማርኛ የጻፍኩትም አማርኛዎ ከእኛ ይልቅ የጠራ በመሆኑ ነው፤ እንደታዘብኩት «ሬሳ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት የጎደለችዎ። እሷንም ዛሬ እናሟላለን።

ለመስተንግዶዎ ያለንን ምስጋና በዝርዝር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ መጋረጃው። የአውቶቡሱ የግራ መጋረጃ ከፀሐይ እንዲከላከለን ተብሎ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ቁልፍ መያያዙ ከልብ የታሰበበት እንክብካቤ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ቀኝ ስትዞር መጋረጃው በግራ መቅረቱን ከእርስዎ ሳይሆን ከፀሐይዋ ጥፋት ቆጥሬዋለሁ።

፪. ስለ ዓሣው። በሦስት ቀን፣ በሦስት ከተማ፣ ሦስት የዓሣ ማራቢያ ገንዳ አሳይተውናል። ከመካከላችን ዝናቡ የሚባለው ከልጅነቱ ጀምሮ በሐይቃችን ላይ መረብ ሲጥል የኖረ ሰው ስለሆነ ዓሣን በመልኩ ይለያል፤ በመጀመሪያው ገንዳ ያየውን የጀርባ ክንፉ የተቀደደ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ በሁለተኛው ገንዳ አገኘው፣ በሦስተኛውም አገኘው። እንግዳ ለመቀበል ከአውቶቡስ ቀድሞ ከከተማ ከተማ የሚጓዝ ዓሣ በእኛ ሐይቅ ስለሌለን ይህን ልምድ በደስታ ቀስመናል። ዝናቡ በሦስተኛው ቀን ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎታል፤ ከሀገርዎ ነዋሪዎች ሁሉ ደጋግመን ያገኘነው እሱን ብቻ ነበርና።

፫. ስለ ስምዎ። በደረስን ዕለት በደረትዎ ላይ የተሰካውን ስም በጣትዎ እያሳዩ ሁላችንንም ሦስት ሦስት ጊዜ እያስደገሙ አስጠኑን፤ ከእኛው አንዷ እትዬ ሀዲያ ምላሳቸው አልታዘዝ ብሏቸው አራተኛ ደገሙ። ቀጥለውም የሌላ ሰው ስም መጠየቅ እንደማይፈቀድ ገለጹልን። ስለዚህ አስተናጋጇ አስተናጋጅ፣ ሹፌሩም ሹፌር እንደሆኑ ቀሩ፤ ከሀገርዎ ይዘን የተመለስነው ስም አንድ ብቻ ሆነ። ይህችን ነጥብ አደራ ልብ ይበሉልኝ።

፬. ስለ ሰውየው።

በአራተኛው ቀን አውቶቡሳችን አንድ ዳገት ላይ በድንገት ቆመ። እትዬ ሀዲያ መኪና ስለሚያጥወለውላቸው አየር ፍለጋ መርፌ ቁልፉን ፈትተው መጋረጃውን ገለጥ አድርገውት ነበርና፣ አራት ሰዎች የሬሳ ሳጥን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየን። ከአራቱ አንዱ ዳገቱ ያቃተው ሽማግሌ ነበር። ከኋላ የምትከተለው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ታለቅሳለች።

በእኛ ሀገር ቅሬ የሚባል የቀብር ማኅበር አለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ ሬሳ አይቶ ያለፈም ይቀጣል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቅሬ ዳኛ ሆኜ ያለፉትን ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ አውቶቡሱ የቆመው እርስዎ ለሬሳው ክብር አስቁመውት ነው ብለን አመንን፤ ሌላ ነገር በሐሳባችን ሽው አላለም። አብረውን የመጡት መሪጌታ ሀብተ ጊዮርጊስማ ከመውረዳቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው፣ እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ ዘሩ ይባረክ፣ ቤቱ ይሙላ ብለው መረቁዎት። የሞተሩ ውኃ ፈልቶ እንደነበረ የሰማነው በኋላ ነው። ምርቃቱ በስህተት የተሰጠ በመሆኑ መሪጌታ እንዲመለስላቸው በአክብሮት ይጠይቃሉ።

ወርደን ሳጥኑን ተቀበልን፣ ሽማግሌውንም አሳረፍነው። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እየተቀያየርን ተሸከምን፤ ለእኔ የደረሰኝ የፊቱ ግራ ነበር። ከዚያ የእርስዎ ፊሽካ ተነፋ፣ ከየት እንደመጡ ያላየናቸው ወታደሮች ከበቡን፣ ሳጥኑን አቧራው ላይ አስቀምጠን ወደ አውቶቡስ እንድንገባ ታዘዝን። ሬሳ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም፤ አላህ ራሱ ያስረዳዎት።

በአውቶቡሱ ውስጥ ያየነው የቲያትር ልምምድ እንደሆነ፣ ሳጥኑም ባዶ እንደነበረ በትዕግሥት አብራሩልን። ትከሻዬ ግን ለሦስት ቀን ታመመ። ባዶ ሳጥን እንዲህ አክብዶ የሚሠራ አናጺ ካላችሁ ውጫሌ ድረስ ቢልኩልን ለበር ሥራ እንፈልገዋለን።

፭. ስለ ነጠላው። እኛ ስንሸከም እትዬ ሀዲያ ልጅቷን አቅፈው ነጠላቸውን አልብሰዋት ነበር። ልጅቷ እሳቸውን አልለቅም ስትል ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ሁላችንም በመስኮት አይተናል። በማግስቱ ጠዋት ነጠላው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ በእትዬ ሀዲያ በር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ስለ አጠባው ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን፤ የእንባ ምልክት እንኳ አልቀረበትም። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለብሰውት አያውቁም።

፮. ስለ ወረቀቱ። ፓስፖርቶቻችን በቦርሳዎ ውስጥ እንዳሉ በሦስት ቅጂ የተዘጋጀ ወረቀት አቀረቡልን፤ በጉብኝታችን ወቅት ምንም ዓይነት ቀብር አላየንም፣ ምንም አልተሸከምንም የሚል። አሥራ አንዳችን ፈረምን። እትዬ ሀዲያ ግን ጣቴ በሐሰት ላይ ከሚያርፍ ወላሂ ይቆረጥ ብለው ከቁርስ እስከ እኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ተቀመጡ። ልጃቸው ራህማ የመውለጃ ወሯ ስለነበረ፣ ሳይደርሱላት እንዳይቀሩ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አሻራቸውን ሲያሳርፉ ቀና ብለው ያዩት እርስዎን አልነበረም፣ እኔን ነው። ይህን አልረሳልዎትም። ወላሂ አልረሳልዎትም።

የምስጋናው ዝርዝር እዚህ ላይ አበቃ። የቀረው እኛ ከተመለስን በኋላ የሆነው ነው፤ እርስዎን በቅርብ ስለሚመለከት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ እለምንዎታለሁ።

በደረስን በሳምንቱ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ሬሳ መንገድ ላይ ጥዬ እንደመጣሁና አልተሸከምኩም ብዬ እንደፈረምኩ ተናገርኩ። ከዳኝነት ተሻርኩ፤ ሦስት መቃብር በእጄ እንድቆፍርም ተፈረደብኝ። ፍርዱ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር። እስካሁን ሁለቱን ቆፍሬያለሁ።

ከዚያ ቅሬው ሰውየው ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም ብሎ ወሰነ። ድንኳን ተተከለ፤ ከአርዲቦ በኩል ሳይቀር ሰው መጣ፤ ማንነቱን ለማያውቀው ሟች ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሼህ ኑርዬ ዱአ ሊያደርጉ ስሙ ማነው ብለው ጠየቁ። የቅሬው ጸሐፊ ወይኒቱም የሟቾችን መዝገብ ገልጣ፣ ያለ ስም አይመዘገብም ብላ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ተብሎ እንደሚጠራ ልጅቷን ለመጠየቅ እንኳ አልታደልንም። በኋላ በፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ ደብዳቤዎች ይህን ብቻ ነበር የሚጠይቁት፤ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣልን መልስ ግን በገንዳው ዳር ቆመን ስንስቅ የሚያሳይ የፎቶ አልበም ነው። ቆሮሶውም አለበት።

ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ ከሀገርዎ የማውቀውን ብቸኛ ስም፣ የእርስዎን፣ ጮክ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ አይደለም፣ ተደናግጬም አይደለም፤ ቂም ይዤ ነው። ሼህ ኑርዬ አጥብቀው ተመለከቱኝ፤ ሁሉንም ገብቷቸዋል። ዱአ ለሕያውም ይደረጋል፣ እንዲያውም ለአንዳንዱ ሕያው ይብሳል ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ድንኳን ሙሉ ሰው በስምዎ አሚን አለ። ወይኒቱም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዘገበችዎት።

እንግዲህ ስምዎን በአድራሻው ላይ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ለተለቀሰለት ሰው በስሙ ደብዳቤ አይጻፍም።

በመጪው መጋቢት ለመልስ ጉብኝት የሚመጣውን ልዑክ እየመሩ እርስዎ ራስዎ ሐይቅን፣ አርዲቦንና ግሸንን ሊጎበኙ እንደሆነ ስንሰማ የተሰማንን ደስታ መግለጽ ያዳግተኛል። መጋረጃ አንሰፋልዎትም፤ ግራም ቀኝም ይዩ። ያገኙትን ሰው ሁሉ ስሙን ይጠይቁ፣ ከነአያቱ ይነግርዎታል። የእርስዎን ስም የሰማ ግን ነፍስ ይማር ብሎ መንገድ ቢለቅልዎት እንዳይቀየሙ። አልሞትኩም የሚል አቤቱታ ካለዎትም ወይኒቱ በሦስት ቅጂ ወረቀት አዘጋጅታለች፤ በቆይታዬ ወቅት ምንም ዓይነት ሕያው አስጎብኚ አላየሁም የሚል ነው፣ ከታች ይፈርማሉ።

ይህ ሁሉ የማይመችዎት ከሆነ መፍትሔው በእጅዎ ነው። የሰውየውን ስም ይዘው ይምጡ። ልጅቷ የት እንዳለች ለእትዬ ሀዲያ ይንገሩ። በዚያው ቀን የእርስዎ ስም ተሰርዞ የእሱ ይጻፋል፤ እኔም የጣልኩትን ሰው በስሙ እጠራለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ሟቹ እርስዎ ነዎት።

በአቧራው ላይ ጥዬው የሄድኩት ሳጥን ክብደት እስካሁን ከትከሻዬ እንዳልወረደ፣ ይህ ፊርማዬም በሦስቱ ቅጂዎች ላይ ያኖርኩትን እንደሚሽር እያረጋገጥኩ፣ ከማይጓደል አክብሮትና ከማይበርድ ቂም ጋር፣

ዘይኑልአቢዲን
የቀድሞ የቅሬ ዳኛ፣ የዛሬ መቃብር ቆፋሪ፣
የሳጥኑ የፊት ግራ ተሸካሚ

ይድረስ ከተባለ በኋላ የታወሰኝ፦ ከላይ እንደገለጽኩት ከተፈረደብኝ ሦስት መቃብር አንዱ ገና አልተቆፈረም። ሐይቁን ቁልቁል የሚያሳይ ጥሩ ቦታ አግኝቻለሁ። የሰውየውን ስም ማምጣት የማይመችዎት ከሆነ ቁመትዎን በሜትር ቢልኩልኝ ሥራዬን ያቀልልኛል። ተሸካሚ ግን አያሳስብዎት፤ በእኛ ሀገር ማንም ሰው በአራት ሰው አይቀበርም፣ እርስዎም ቢሆኑ።