የጎይቶም ስም የወጣበት ሸክላ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰመረ፤

እንዴት ሰንብታችኋል? የበርሊን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? የዊንታ ወገብ ተሻላት ወይ? ልጃችሁ ሰምሃርስ ትምህርቷ እንዴት ነው? እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ከዚያ ሌላ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ደህና አይደለሁም። ያናደድከኝም አንተ ነህ።

በሰው የላክኸው አዲሱ የሙዚቃ ሸክላህ ደርሶኛል። ቤት ማጫወቻ ስለሌለን እንድሪስ ዘንድ ወሰድኩት። ያ ፒያሳ ራዲዮ ይጠግን የነበረው እንድሪስ፣ ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ እሪ በከንቱ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። «የእትዬ ሙሉነሽ ድምፅ አለበት» ስላልከኝ ጎረቤታችንን ላስደስታቸው ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለክብር እንደተጠራ ሰው ተቀመጡ።

የፊቱ ገጽ ያ ቴክኖ የምትሉት የማሽን ድለቃ ነው፤ ይሁን። እንድሪስ «ይሄ ልጅ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የተቀጠረው?» ብሎ አሳቀን። ከዚያ ገለበጠው። በጀርባው ጓደኞችህ እየቆራረጡ እንደገና የሠሯቸው ሪሚክሶች አሉ። የእትዬ ሙሉነሽ ድምፅ የመጣው እዚያ ላይ ነው፤ ወንድማችን ጎይቶም የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ያወረዱት ሙሾ። ያኔ በስልክህ ስትቀዳ አይቼሃለሁ፤ ለማስታወሻ መስሎኝ ነበር። «ተነሥ ጎይቶም፣ ቤትህን እንግዳ ሞላው» ነበር ያሉት። ሸክላው ግን «ተነሥ፣ ተነሥ፣ ቤትህን እንግዳ ሞላው» እያለ በድለቃ ይመላለሳል።

እትዬ ሙሉነሽ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ አስደገሙትም። ከዚያ «ስሙን የት አደረሳችሁት?» አሉኝ። «እኔ ስም ጠርቼ ነው ያለቀስኩት፣ ተክላይ። ሟቹ ያልተጠራበት ሙሾ ሟርት ነው። አሁን ይሄ ለማን ይሁን? ለሰማው ሁሉ?» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ስደውልልህ፣ «የወንድሜን ስም ጭፈራ ቤት ማስጠራት ከብዶኝ ነው ያወጣሁት፤ ለክብሩ ብዬ» አልከኝ። ሰመረ፣ ይሉኝታህ ከድፍረትህ የባሰ ነው። ሙሾውን ስታስጨፍርበት ያላፈርክ ሰው፣ ስሙ ላይ ስትደርስ አፈርክ። ሽፋኑ ደግሞ «ያልታወቀች ኢትዮጵያዊት ሴት ድምፅ» ይላል። አንተን አዝለው ክትባት ያስወጉህ ሴት ናቸው። ለማን ነው ያልታወቁት?

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችን የገብረአብ ቀብር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ እንደ ወትሮው እትዬ ሙሉነሽ እንዲጀምሩላቸው ጠበቁ፤ እሳቸው ግን አልጀመሩም። የእድሩ ሰዎች ለመኗቸው። «ስሙን ልጠራ ስል ያ ድለቃ ይመጣብኛል» አሉ። ገብረአብ ያለ ሙሾ ተሸኘ። ልጆቹ ምክንያቱን ሰምተዋል፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። እማዬ ስንመለስ ሥላሴ አጠገብ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም አለችና፣ «እንግዲህ እኔን ማን ያለቅሰኛል?» አለችኝ።

የምፈልገውን በግልጽ ልንገርህ። ሸክላው ድጋሚ ሳይታተም ያን ሪሚክስ አውጣ፤ ያልተሸጠውንም ሰብስብ። ከዚያ አገርህ ገብተህ እግራቸው ላይ ውደቅ። በስልክ አይሆንም፤ እኔም በአንተ ፈንታ ይቅርታ አልጠይቅም። ሽማግሌዎቹን ግን አዘጋጃለሁ። ይቅር ይሉህ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ በሕይወት ሳለች ድረስልን።

ባለቤቴ ዓለምጸሃይ ለሁላችሁ ሰላምታ ታቀርባለች፤ ለዊንታ ወገብ ሙቅ ውሃ በጨው ያዢበት ብላለች። እማዬ ሰምሃርን ሳምልኝ ትልሃለች። እንድሪስም እንደ ወንድም ይናፍቅሃል። እትዬ ሙሉነሽን «ለሰመረ ምን ልበልልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሕፃኗን ሰምሃርን ሳምልኝ» አሉ። ያንተን ስም አልጠሩም።

ወንድምህ ተክላይ
አዲስ አበባ፣ አራዳ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.