ቤት ተቀምጦ ትረክ መንዳት

ሰኞ፣ ማርች 3፣ 2008፣ ጠዋት

አሁንም አጥሩ ላይ ነው፣ ባሌ። ሰይድ ብዬ እንዳልጨርሰው ሰልችቶኛል፣ ሰ. ይበቃዋል። አንቴና እያሰረ ነው። በምን? በልብስ ማስጫ ገመዴ!

ሲቢ ሬድዮ ነው፣ ትረክ ነጂዎች መንገድ ላይ የሚያወሩበት። ከትረኩ ነቅሎ አምጥቶ ትርፍ ክፍላችን ውስጥ ሊተክለው። እዚያ ሌላ ሰው ገጥሞለት እሱ ቁልፍ ብቻ ሲጫን ኖሮ፣ ዛሬ ኢንጂነር ሆነልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንቺ ደብተር። ስኳሩ ኢንሱሊን ላይ ሲደርስ ሜዲካል ካርዱን፣ ለትረክ ነጂ የሚሰጠውን የጤና ወረቀት፣ ከለከሉት። መንዳት ቀረ። ሰው እንዳይሰማበት እዚህ ቴክሳስ ለጋርላንድ ሐበሻ ሁሉ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። መኪናው ጋራዥ ተቆልፎበት፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ጁምዓ ቀርቶ። እኔም አፌን ይዤ። ታሞ ከጠያቂ የሚደበቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ከአንዱ ጋር ነው የምኖረው።

ማክሰኞ ማታ

ሬድዮው የግድግዳ መብራት አይወስድም፣ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድለት ሳጥን ይፈልጋል። ገዛ። ሻጩ አንቴናው መስማማቱን በሜትር፣ በመለኪያ መሣሪያው፣ ሳትለካ እንዳትናገር ብሎታል። ሜትሩም ተገዝቷል፣ ከነካርቶኑ ሶፋዬ ላይ ተኝቷል።

ማኑዋሉን እኔ አነበብኩት። በንዴት። ሳይለኩ መናገር ሬድዮውን ያቃጥላል ይላል። ነገርኩት። ሴት ስለ ሬድዮ ምን ታውቃለች አለኝ። ኦኬ።

ተጫነው። ቻናል 19፣ ሾፌሩ ሁሉ የሚሰማው። አሜሪካኖቹ በሁለት ቃል የሚገላገሉበት ላይ፣ እሱ የወሎ ሰላምታ በእንግሊዝኛ ጀመረ። እንዴት ነህ፣ ጤና እንዴት ነው፣ ሚስትህስ፣ ልጆችስ፣ ጎረቤትስ… አንዱ ስለ ሚስቴ ምን አገባህ ብሎ ስድብ አጠጣው። በሳቅ ሞትኩ። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሬድዮው ለጥቂት ተረፈ።

ረቡዕ

በሜትሩ ለካው፣ በስተመጨረሻ። የሜትሩ መርፌ «መጥፎ» የሚለው ጋ ሄዶ ተለጠፈ። አንቴናው ከብረት አጥር ጋር ተጣብቆ ምን ይሁን! ራቅ አድርገን ጓሮ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። «አድርገን» አልኩ እንዴ? መሰላሉን ያዝኩ። ወድቆ ደግሞ ሌላ የሐኪም ጣጣ እንዳያመጣብኝ ነው።

አርብ፣ ከሰዓት

ጁምዓ አልሄደም። ሐበሻ ሾፌሮች የሚያወሩበት ቻናል ላይ ነው። ይማም ገባ፣ የደሴው፣ የድሮ የሥራ ጓደኛው። በሰፈራችን ሃይዌይ እያለፈ ነው። የት ደረስክ ይለዋል። ሰ. ኦክላሆማ ልገባ ነው ይላል። በፒጃማ!

ማለቴ፣ ይሄ ሬድዮ ጥቂት ማይል እንኳ በግድ ነው የሚሄደው፣ ኦክላሆማ ያለ ሰው እዚህ አይሰማም። በዚያ ላይ ስሞክ ዲቴክተራችን፣ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ፣ ባትሪው አልቆ በየደቂቃው ጢው ይላል። የትኛው ትረክ ነው ጢው የሚለው? ይማም ግን አብሽር፣ አላህ መንገድህን ያቅናልህ ብሎ አለፈ። ጅል ከጅል ሲገናኝ እንዲህ ነው።

ሰ. ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ለእነሱ ሳቅ አለው፣ ለእኔ ጀርባውን። ወላሂ አስጠላኝ። ቀናሁም፣ ልንገርሽ።

ማርች 12፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ሻወር ገብቷል። ይማም ሬድዮው ላይ ይጠራዋል። የት ደረስክ፣ የት ደረስክ። ደሜ ፈላ። ማይኩን አነሳሁ። ዘሃራ ነኝ፣ የትም አልደረሰም፣ እዚሁ ቤት ነው፣ ታሟል፣ መንዳት ተከልክሏል አልኩት። ሁሉን ዘረገፍኩት።



ይማም ቀስ ብሎ፣ እህቴ፣ እናውቃለን አለኝ። መንዳት ካቆመበት ሳምንት ጀምሮ። ሾፌሮቹ ተራ ገብተው ነው በዚህ የሚያልፉት፣ አንዳንዱ መንገዱን ለቆ ዞሮ እየመጣ፣ እሱን ለማጫወት። የት ደረስክ የሚሉት ደስ እንዲለው ነው። አደራ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል አለኝ።

ደጋጎች! ለአንድ ጉንፋን ሃያ ሰው ሆኖ ቤት የሚያጣብብ ሕዝብ፣ እዚህ አፍንጫችን ሥር እያለፈ በር አያንኳኳም። ይሉኝታ ይዟቸው። ተከባብረው እዚህ ክፍል ውስጥ ይቀብሩልኛል ባሌን። እኔስ? አፌን ይዤ መጋረጃውን የምዘጋው ማን ሆነና። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነኝ።

አላፍርም፣ እነግረዋለሁ አልኩት ለይማም። ይፈር! አፍሮ ይውጣ። አርብ መጥታችሁ በበሩ ትወስዱታላችሁ፣ ጁምዓ። እሺ አለ። ለሰ. እስክነግረው ትረኩን ዳር አቁሞ ሬድዮው ላይ ይጠብቃል።

ውሃው ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ነው። ቁጭ በል እለዋለሁ፣ ሁላችንም እናውቃለን እለዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ፎጣውን አውልቆ ልብሱን ይልበስ። መጣ።