ከስም ጥሪው የተዘለለው ሰው

ዳንግላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለክንዴ አድማሴ፣
ኮሪያ

ልጄ፣ ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ በዚህ ወር ኮዳችን ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋ ነበርና ካልሲ ደርበህ አድርግ። እናትህ ውዴ ደህና ናት። እህትህ ስሜነሽ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ስሙን አንተ እንድታወጣለት ትጠብቃለች። ዳጉሳው ታጭዶ ተከምሯል። ቀይዋ ላም ወልዳለች።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ዋናውን ነገር ለመጀመር ድፍረት አጥቼ ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ስምንት ቀኑ። የመምህር ሃንን ቤት አፈላልገህ እንዳገኘህ፣ ሽማግሌው ዛሬም በሕይወት እንዳሉ፣ እግራቸው ስለከዳቸው ግን ወንበር ላይ ሆነው እንደሚያስተምሩ ጻፍህልኝ። ከማን ተማርህ ብለው በአስተርጓሚ ሲጠይቁህ፣ «ከአባቴ ከአስር አለቃ አድማሴ ነው፤ ወራሼ ነህ ብለው የሸኙት እርስዎ ነዎት» አልሃቸው። መዝገባቸውን አስመጥተው ቢያዩ የእኔ ስም የለም። ከኢትዮጵያ ሰው የተገኘው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እንየው የሚል። ታውቀዋለህ ወይ ቢሉህ አላውቀውም አልህ። የአባቴን ስም ፍቃችኋል ብለህም ተቆጥተህ ሳትሰናበት ወጣህ። አሁን ደግሞ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን ባለ ቀይ ማኅተም ወረቀት ላክልኝ፣ ፊታቸው አኖረዋለሁ ትለኛለህ።

ወረቀቱን አልልክልህም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም እንየው ነው። ዳንግላ ውስጥ የእነሱን ፊደል የሚያነብ ሰው ስለሌለ ዘጠኝ ዓመት የእኔ ሆኖ ተሰቀለ።

እንየው የአዘና ሰው ነው። አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ ወታደር ሳይሆን በፊት ግን ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ተምሯል። ኮሪያ ጦርነቱ ከቆመ በኋላ በአንድ ድንኳን አደርን። ከሰፈራችን ወንዙን ተሻግሮ ባለች ከተማ፣ መምህር ሃን ጣራውን ቦምብ የገነጠለው አዳራሽ ውስጥ የባዶ እጅ ትግላቸውን ያስተምሩ ነበር። ታንግ ሱ ዶ ይሉታል። አንድ ቀን አብረን ገባን።

እነሱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ተሰልፈው ጎንበስ ይሉና የመምህራንን ስም ከጥንቱ ጀምረው ይጠራሉ። መምህር ሃንን ማንቹሪያ ተሰደው ሳሉ ያስተማሯቸውን ሽማግሌ፣ የእሳቸውን መምህር፣ የዚያንም መምህር። አንዳንዶቹ ጃፓኖች አገሩን ይዘው ሳሉ ተደብቀው ያስተማሩ ናቸው። ለእኔ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። እንየው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዋሸራም እኮ እንዲህ ነው አድማሴ» አለኝ። «ምን ታውቃለህ ከማለታቸው በፊት ከማን ተማርህ፣ መምህርህስ ከማን ተማረ ይሉሃል።»

እኔ በሦስተኛው ሳምንት አቋረጥኩ። አንድ ደቃቃ ጫማ ሠሪ በሰው ፊት ዘረረኝና ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም። እንየው ዓመት ሙሉ ተመላለሰ። ቋንቋቸውን ለመደ። የተማረውንም ከእራት በፊት ድንኳናችን ደጅ ላይ ለእኔ ያስተምረኝ ነበር፤ ስሳሳት ሳይስቅብኝ፣ እግሬን በእጁ ይዞ እያስተካከለ። አንተ ዛሬ የምታውቀው ሁሉ፣ አቋቋምህ፣ ተረከዝህን የምታዞርበት፣ ክንድህን ከወገብህ የምታስነሣበት፣ ሁሉም ከእሱ የመጣ ነው።

አገራችን ስንመለስ ደረቱን ታሞ ነበር። አዲስ አበባ በገባን በሁለተኛው ወር ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ብርድ ልብሱን፣ የእጅ ሰዓቱን፣ ጥቁር ቀበቶውንና ያን ወረቀት ሰጠኝ። «ለእናቴ አድርስልኝ» አለኝ። «ወረቀቱን ስትሰጣት ምን እንደሆነ ንገራት። ልጅሽ በሰው አገር መምህር ተባለ በላት።»

አዘና ሄጄ ብርድ ልብሱንና ሰዓቱን ለእናቱ ለእማማ የሻረግ ሰጠሁ። ቀበቶውና ወረቀቱ ሻንጣዬ ሥር ቀሩ። ለማያነቡ እናት ወረቀት ምን ይሠራላቸዋል አልኩ። ያን ጊዜ ስርቆት ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ወይም እንዳላስብ ተጠንቅቄ ነበር።

ዳንግላ ስደርስ ሰው ሁሉ ስንት ገደልህ እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የደረስኩ፣ ሥራዬም የመኪና ጎማ መቀየር የነበረ ሰው ነኝ። አንድ ቀን የፖሊስ አዛዡ ቤታችን መጥቶ ሻንጣዬ ተከፍቶ ወረቀቱን አየና ምንድን ነው አለኝ። «የመምህርነት ማስረጃዬ ነው» አልኩት። በሳምንቱ ፖሊሶቹን እንዳስተምር ጠየቀኝ፤ የከተማው ጎረምሶችም ተከተሉ። አንተ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። ስታየኝ ፊትህ ይበራ ነበር። ያንን ፊት ማጣት አልፈለግሁም። ይህን የምልህ ጥፋቴን በአንተ ለማላከክ አይደለም።

የስም ጥሪውንም አልተውኩትም፤ አሳጠርኩት እንጂ። መምህር ሃን፣ ቀጥሎ አድማሴ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሠላሳ ሰው እየተሰለፈ እንየውን ሲዘልለው ቆሜ ሰማሁ። አንተም ከነሱ ጋር ሆነህ ዘለልኸው።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ መጀመሪያ የነገርኩት ለእናትህ ነው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ስንቅ ቋጠረችና «አዘና ሂድ፤ ስትመለስ ለልጁ ትጽፍለታለህ» አለችኝ።

ወረቀቱን አውርጄ፣ ቀበቶውን ጠቅልዬ፣ እስከ እንጅባራ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በተዋስሁት ፈረስ ሄድኩ። እማማ የሻረግ አርጅተዋል። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ ልጃቸው ደጊቱ አጠገባችን ተቀምጣ ታስተረጉም ጀመር። እኔም ነገሩን እያለሳለስኩ፣ እያዞርኩ፣ የጊዜውን ችግር እየጨመርኩ አወራሁ። ደጊቱ መካከል ላይ ማስተርጎሟን አቆመች። «ይህን በእኔ አፍ አልነግራቸውም። በሚያውቋት አማርኛ ራስህ ንገራቸው» አለችኝ።

በጥቂት ቃል መናገር እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። «የእንየው ነው» አልኩ። «የእኔ ነው አልኩ። ሰረቅሁት።»

እማማ የሻረግ ወረቀቱን ተቀብለው ቀዩን ማኅተም በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ምን ነበር የተማረው፣ አሳየኝ አሉ። ጋቢዬን ጥዬ ግቢያቸው መካከል ቆምኩና እንየው መጀመሪያ ያስተማረኝን ስልት ሠራሁላቸው። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርኩ። ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። ስጨርስ በአማርኛ፣ ቃል እየፈለጉ ተናገሩ።

«የልጄ እጅ ዳንግላ ነበረ? ይህን ሁሉ ዓመት? አንድ ቀን መጥተህ አላሳየኸኝም?»

ወደ ቤት ገቡ፤ አልወጡም። ደጊቱ ቀበቶውን ተቀብላኝ ፈረሱን ፈታችልኝ።

እሑድ ተማሪዎቹን ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አበረ፣ ፖሊሱ፣ ታውቀዋለህ እንደ ወንድም ነበር የሚያየኝ፣ «እኔ ግምጃ ቤት ከተማ ሄጄ ለሌሎች አስተምሬአለሁ። የሞተ ሰው ስም እያስዘለልኸኝ» አለና ፊቱን አዞረ። አሥራ ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። አበረ ተመልሷል፤ ግን ለሥራ ካልሆነ አያናግረኝም። አሁን እንየውን ጨምረው ይጠራሉ። በዚያ ሰዓት ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። እዚያ ደጅ ቆመህ «የእንየው ተማሪ ነው ያስተማረኝ» ብትል ኖሮ፣ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸው እንደመጣ አድርገው ይቀበሉህ ነበር። እውነቱ ይበቃን ነበር። ይበልጥም ነበር። በሩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ተመልሰህ ሂድ። ጫማህን አውልቀህ ጎንበስ በልና ስለ ቁጣህ ይቅርታ ጠይቃቸው። «አባቴ ዋሽቷል» በላቸው፤ ቃሉን አታለስልስልኝ። እንየው መሞቱን አያውቁ ይሆናል፤ ቀስ ብለህ ንገራቸው፤ ከመሞቱ በፊት ያስተማረው ሰው እንደነበረም ንገራቸው። ስም ጥራ ካሉህ ከእንየው ቀጥሎ የእኔን መጥራት አለመጥራት ያንተ ፈንታ ነው። አልቀየምህም።

ትናንት ደጊቱ ከአዘና ሰው ልካብኛለች። እማማ የሻረግ ለታኅሣሥ ገብርኤል ዳንግላ መጥተው ተማሪዎቹን ማየት ይፈልጋሉ። እኔን ስለማየት የተላከ ቃል የለም። በዚያ ቀን አበረ ያሰልፋቸዋል። እኔ ከአጥሩ ውጭ ፈረሳቸውን ይዤ እቆያለሁ።

እግዚአብሔር ሳታፍር የምትገባበትን ደጅ ያብዛልህ። ከብርዱም፣ ከክፉ ሰውም፣ ከእኔ ከወረስኸውም ክፉ ነገር ይጠብቅህ። እናትህ ጉንጭህን ስማለች። እኔ ልሳምህ ብዬ አልጽፍም፤ ፈቃድህን እጠብቃለሁ።

አባትህ አድማሴ