«ሰሞኑን» ስለሚሠራው ሊፍት

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎስ? ቢሮዎ ምድር ቤት ስለሆነ ደህና እንደሚሆን እገምታለሁ።

«ሊፍቱ? እሱማ ሰሞኑን ይሠራል» ብለው ለጥበቃው ሲነግሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስምንተኛ ፎቅ የምትኖረውን እናቴን ልጠይቅ መጥቼ የሕንፃው በር ላይ ቆሜ ነበር። ቃልዎን አምኜ፣ ደረጃውን ትቼ፣ ከታች ሆኜ ደወልኩላት። እሷም ቃሉን አምና ጫማዋን ወልውላ በሩ ሥር አስቀመጠች። ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈው። አቧራውን በየሳምንቱ እንደምትጠርግለት በስልክ ነግራኛለች።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፦

1. «ሰሞኑን» ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይመስለኝ ስለነበር ለድንቁርናዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2. «በቅርብ ቀን» የሚለው ማስታወቂያዎ ፀሐይ መትቶት ቢነጣ፣ ባለፈው ወር በአዲስ ወረቀት ተተክቷል። ቢሮዎ ጥገና አያውቅም እያሉ የሚያሙዎት ሰዎች ይህን አይተው ይፈሩ።

3. አራተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ «ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩን፤ ሴትዮዋ ታፍነው ሊሞቱ ነው» ብትልዎት፣ «አንቺ ደግሞ፣ ቀን ካልቆረጥኩልሽ አትለቂኝም?» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ቀን ስላልቆረጡልን እናመሰግናለን። የተቆረጠ ቀን ያልፍና ሰው ያዝናል፤ የእርስዎ ግን አያልፍም።

እናቴ አንድ ጊዜ በደረጃ ልትወርድ ሞክራ ነበር። ስድስተኛ ፎቅ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት፤ ጎረቤቶች ወንበር ላይ አስቀምጠው መለሷት። የምትፈልገው ብዙ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ከጓደኛዋ ጋር መቀመጥ ብቻ ነው። ጓደኛዋም ደረጃውን መውጣት ስለማትችል፣ አንዷ ከመስኮት፣ አንዷ ከአግዳሚው፣ እጅ ያወዛውዛሉ። ከዚያ ርቀት አንዷ ለሌላዋ «ከስታለች» ትላለች።

ለቤተሰባችን ያወረሱን ትዕግሥት ለልጅ ልጆቻችን እንደሚተርፍ እያረጋገጥኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የስምንተኛ ፎቋ ነዋሪ የበኩር ልጅ

ተጨማሪ፦ ይህ ደብዳቤ እንዲታተም ለጋዜጣ ከተላከ በኋላ ሊፍቱ መሠራቱን ልብስ ሰፊዋ ደውላ ነግራኛለች። ቅሬታዬን ግን አልሰረዝኩም፤ ሰባት ወር ሙሉ የተገተረ ቅሬታ በአንድ ጊዜ አይወርድም። ሊፍቱ መሥራት ከጀመረ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እናቴን ይዛ ያወረደቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። እኔ እስካሁን አልሄድኩም።