የደረጃው ሒሳብ

ላሊበላ፣ ጥር 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ሸጋው፣

አሸተን ማርያም ባሕር ማዶም ትይህ፤ እጇ ከራስህ ላይ አይነሳ። እኔ ደህና ነኝ። አንተ ለትምህርት ኩባ ከሄድክ ወዲህ ግን ቤቱ ሰፍቶብኛል፤ ሁለት ሰሐን አውጥቼ አንዱን የምመልስበት ቀን አለ።

ከማስተማር ሥራዬ እንደታገድኩ ነኝ። ፊደል ያልለዩትን ሰዎች «ከመሃይምነት ወጥተዋል» ብዬ አልፈርምም ስላልኩ ነው። አሁንም አልፈርምም፤ ይህን ደብዳቤ የሚከፍት ካለም ያንብበው።

የሰፈሩን ልጆች እቤት ሒሳብ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ሰሌዳ ስለሌለኝ በውጭው ደረጃ አዘልላቸው ነበር፤ መደመር መውጣት፣ መቀነስ መውረድ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ፈትለወርቅ የመጀመሪያ ቀን፣ «ልጆቼን እንዳትቆጥሪብኝ፣ ዓይን ይበላቸዋል» አሉኝ።

«የምቆጥረው ዝላያቸውን ነው» አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ልጆቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። «ዘጠኝ ሰው ያለ ፈቃድ ሰብስበሻል» አለኝ።

እትዬ ፈትለወርቅ ከካቡ ማዶ፣ «አንተ፣ የሰው ልጅ እንደ በግ ይቆጠራል?» አሉት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ ግን ትምህርቱን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የምትመጣው የእሳቸው ልጅ ዓለምእሸት ብቻ ናት። አንድም ብትሆን አስተምራታለሁ። እሷ ስትሄድ ግቢው ጭር ይላል።

ሒሳብ ሲያስቸግርህ ተነስተህ ተራመደው፤ ቢስቁብህም አትፈር። ፈጣሪ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከአልጋህ እስከ መኝታ ክፍሉ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥረህ ጻፍልኝ። እዚህ ግቢያችን ውስጥ እራመደዋለሁ።

እናትህ እታገኘሁ