ሦስቱ ሰባት የሆነበት ሱዶኩ

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ጋሽ ከድር ለሚያሳትሙት መጽሐፍ ሱዶኩ የሚባለውን፣ ባዶ ሳጥኖቹ በቁጥር የሚሞሉ እንቆቅልሽ፣ በኮምፒዩተር ያወጣሉ፤ እኔ በእርሳስ እየፈታሁ ክብደቱን እመሰክራለሁ። ዛሬ ኮምፒዩተሩ «እጅግ ከባድ» ያለውን ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስሁት።

«በአራተኛ ክፍል ትምህርት? ወላሂ፣ መልሱን አይተሃል!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን የመልሶቹን መሳቢያ ቆለፉ።

አላየሁም። ሳስተውለው ያለፈው ሳምንት ሱዶኩ ራሱ ነው፤ ሦስት በነበረበት ሁሉ ሰባት፣ ሰባት በነበረበት ሦስት ገብቶበታል። ኮምፒዩተሩ ደገመው ወይስ እሳቸው ሊፈትኑኝ ቀየሩት? ብናገር ሰበብ ፈጠረ ይሉኛል፤ ዝም ብል ሌባ እባላለሁ። ከጎጃም ድረስ መጥቼ ይህን ሥራ ባጣ ወዴት እሄዳለሁ?

ከሰዓት የሰጡኝንም ቶሎ ፈታሁት፤ ነገር ግን እርሳሴን እየቀረጽሁ እስከ ዐሥር ሰዓት አቆየሁት።

«ይኸውልህ፣ ከባድ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ደስ እያላቸው ክብደቱን ጻፉበት።

መሳቢያው ግን እንደተቆለፈ ነው።